ስሟ በችሎት ያልተነበበው ሴት

ለታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? ወንዶቹስ? «እግራቸው ጫማ ይበላል» ብለሽ የጻፍሽልኝን እያስታወስኩ ሰው በተቀመጠበት ብቻዬን እስቃለሁ። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ቋ ቋ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ምላሴም እንደምታውቂው አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።

አሁን ቁጭ በይ። ቁጭ ብለሽ ከሆነ ደግሞ ተነሺና እልል በይ። ባንኩን ረታነው! እኔ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊዋ እህትሽ፣ ስሙ በመስታወት ሕንፃ አናት ላይ የሚበራውን ባንክ ችሎት አቁሜ ረታሁት። ፍርዱ የተነበበ ዕለት ከደስታዬ ብዛት የሰው ጃንጥላ ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት። የማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም፤ የባንኩ ጠበቃ ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

ደውዬ ልነግርሽ ነበር። ግን በስልክ «እሺ»፣ «ደህና»፣ «ተመስገን» እንጂ ሌላ አይወጣሽም፤ ጎንሽ ሁልጊዜ ሰው አለ። እንደ ድሯችን መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ባለቤትሽ ከፍተው ቢያነቡትም ቅር አይለኝም። የባንክና የፍርድ ቤት ወሬ ነው። ልጄ ፍንጭቴም በጉዲፈቻ ያሳደግኳት እንጂ ከሆዴ የወጣች እንዳልሆነች አገር ያወቀው ስለሆነ፣ እሳቸውም ቢሰሙ ነውር የለውም።

ያለፉት ደብዳቤዎቼ እንባ እንጂ ወሬ አልነበሩም፤ አንቺም አልመለስሽልኝም፣ አልፈርድብሽም። ዛሬ ግን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳሽ።

ባንኩ «መረጃችሁን አድሱ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ያላደሰ ሒሳቡ ይታገዳል» ብሎ አወጀ። ወረፋው ከሰፈራችን ቅርንጫፍ በር ወጥቶ ጫማ ሠሪው ጋ ይደርሳል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንን ችሎት ፊትም ተናግሬያለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ሲያይ የራሱን ወንበር ገፍቶ የሚያመጣ ሰው ነው። እና አዘነልን። አዝኖ ምን አደረገ መሰለሽ? የቅርንጫፉ ደንበኞች በሙሉ ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ «ነገ ሲስተም ስለማይኖር እንዳትደክሙ» ምናምን የሚባልበት። እዚያ ላይ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ከእንግዲህ በወረፋ አትንገላቱ፤ ፋይላችሁን እዚሁ እንለጥፍላችኋለን፣ የራሳችሁን ፈልጋችሁ እዩና የጎደለ ነገር ካለ ብቻ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ጻፈ። ሠራተኞቹም ፋይሉን ሁሉ ከመደርደሪያ እያወረዱ፣ ገጽ በገጽ በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ደረደሩት። የሁላችንንም፣ ለሁላችንም።

መልእክቱ ሲገባ ኮሌታ እየገለበጥኩ ነበር። ወረፋ ቀረ ሲባል ደስ ብሎኝ አውራ ጣት ላኩ፤ ያቺን ቢጫዋን። ሰዉም ሁሉ አውራ ጣቱን እያከታተለ ይልክ ነበር። አንድ አሮጊት ጎረቤታችንማ «ተባረኩ» ብለው አበባ ጨመሩበት።

ከሰዓት በኋላውን ሰፈሩ ሥራ ፈታ። ማን ከሚስቱ ተደብቆ ሒሳብ እንደከፈተ፣ ማን በየትኛው ፍርድ ቤት ከማን ጋር እንደተፋታ፣ ሁሉ ተነበበ። ሱሪ ላሳጥርላቸው የተቀበልኳቸው አንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ነበሩ፤ «ገና ስልሳ መድፈኔ ነው» እያሉ ዓመታት የኖሩ። መታወቂያቸው ተለጥፎ የልደት ዘመናቸው ሜዳ ላይ ወጣ። በማግስቱ መጥተው «ሰፊዋ፣ ሱሪውን ተይውና ስለ ክስ እናውራ» አሉኝ። እኔ ግን የዚያን ዕለት ስለ ምንም ነገር የማወራበት አፍ አልነበረኝም።

ፍንጭቴን ጡጦ ሳትጥል ነው የቁጠባ ሒሳብ የከፈትኩላት። ያኔ «በምን መብት ትከፍችላታለሽ?» ብለውኝ የጉዲፈቻ ውሉን ፎቶ ኮፒ ሰጥቻለሁ። ውሉ ላይ የኔ ስም አለ፤ ልጅቷን ወልዳ የሰጠችኝ ሴት ስምና ፊርማም አለ። ወረቀቱ እዚያ ፋይል ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቶ ኖሮ፣ ከሰው ሁሉ ጋር ተለጠፈ።

ፍንጭቴ ፀጉር ሠሪዋ ጋ ነበረች። ፀጉር ሠሪዋን ታውቂያታለሽ፤ እጇ ካላረፈ አፏ አያርፍም፣ እጇም ሲያርፍ አፏ አያርፍም። ግማሽ ራሷን ጎንጉናላት ጣቶቿን ልታፍታታ ስልኳን አነሳች። «ውይ! አንቺ፣ ይሄ ያንቺ ፋይል አይደል እንዴ? ለካ እናትሽ አልወለደችሽም!» አለቻት። ካስክ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን አወጡ።

ልጄ በሬ ላይ ስትቆም የራሷ ግማሹ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ ተበትኗል። «እማ» አላለችኝም። ስልኳን ፊቴ ላይ ዘርግታ «ይሄ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔ ወሬ የማያልቅብኝ ሴት ከመርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ጎተትኩ። «ነይ ቁጭ በይና ልንገርሽ» ብላት «ሰው ሁሉ ቆሞ ያነበበውን እኔ ለምን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ?» አለችኝ። ልብሷን በደብተር ቦርሳዋ አጭቃ፣ አብራት የጤና ትምህርት የምትማር ጓደኛዋ የተከራየችበት ክፍል ገባች። ያንን ፀጉር ሳትፈታውም ሳታስጨርሰውም ስንት ጊዜ እንደከረመች ጓደኛዋ ነግራኛለች።

ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ «አላወቅሁም፣ ምላሴን በቆረጠው» እያለች ልታለቅስልኝ መጣች። ለቅሶዋን ሳትጨርስ «ግን እኮ ይሄ የእናትየዋ ስም፣ የአባቷም ስም፣ የ…» ስትል ጨርቅ በያዘው እጄ አፏን ያዝኩት። ሳላስበው ነው። «ይህን ስም ከአፍሽ ካወጣሽ ዕድሜ ልክሽን ሱሪሽ ቢቀደድ አልሰፋልሽም» አልኳት። እስከ ዛሬ ቃሏን ጠብቃለች፤ ምስኪን፣ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ያቺን ሴት ታውቂያታለሽ። ከአንቺ ጋር የተማረችው፤ አንድ ወንበር ላይ አብራሽ ትቀመጥ የነበረችው። ያኔ ልጅ እግር ነበረች፣ ሰውየውም ሸሽቷል፣ እኔ ደግሞ ማህፀኔ እንቢ ብሎኛል። ሁለታችንም ያጣነውን ተሰጣጣን እንጂ ማንም ማንንም አልጎዳም። ኋላ ትዳር መጣላት። ባሏ የተከበሩ ሰው ናቸው ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ያልተነገረ ነገር በአምስተኛው ይከብዳል፣ በአሥረኛው ድንጋይ ይሆናል፤ አልፈርድባትም። ፍንጭቴ ትምህርቷን ስትጨርስ እኔና እሷ ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ አንዷ አንድ እጇን፣ ሌላዋ ሌላውን ይዘን ልንነግራት ተማምለን ነበር። እኔማ የምንቀመጥበትን ሶፋ ልብስ ሁሉ መርጫለሁ። ስቀሽ ይሆናል።

ወደ ክሱ ልመለስ። ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት መልስ መጣልን። «በአንድ ሠራተኛ የግል ስህተት የተፈጠረ ስለሆነ ባንኩን አይመለከትም፤ በሠራተኛው ላይ እርምጃ ተወስዷል» ይላል። ሥራ አስኪያጁን ከሥራ አግደው እጃቸውን ሊታጠቡ! ጡረተኛው ጠበቃ ሳቁና «አንቺ ሰፊ ቀጥረሽ የደንበኛ ጨርቅ በካውያ ብታቃጥል፣ ‹እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት› ብለሽ ደንበኛውን ትሸኚዋለሽ?» አሉኝ። «ምን ፊት ኖሮኝ!» አልኳቸው። «በቃ፣ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሥራው ላይ ሆኖ ካጠፋ፣ ያሠራው ይጠየቃል» አሉ።

እኔ ግን አንድ ነገር ፈራሁ። ባንኩን አስጠይቃለሁ ብዬ ያቺን ሴት ዳግመኛ አደባባይ እንዳላሰጣት ነው የፈራሁት። ግሩፑ ላይ የተለጠፈው ጠፍቷል፣ ሰውም ይረሳል። ችሎት የተነበበ ግን መዝገብ ሆኖ ይቀመጣል። ጠበቃውን «ስሟ ሳይጠራ መክሰስ ይቻላል?» ብላቸው ራሳቸውን አከኩ። «እንሞክራለን» አሉኝ። ሐኪም እንሞክራለን ሲል ነው የመሰለኝ።

የባንኩ ጠበቃ ወጣት ነው፤ ክራቫቱ ከኔ መጋረጃ ይረዝማል። መጀመሪያ «ደንበኛዋ ሒሳብ ስትከፍት ባንኩ መረጃዋን እንዲጠቀም ፈርማለች» አለ። ቀጠለና «ሲለጠፍም ደግፋለች» ብሎ፣ እህቴዋ፣ ያቺን አውራ ጣቴን አትሞ ለችሎቱ አቀረበ! ወረቀቱን ሙሉ ቢጫ አውራ ጣት። ከኋላ ሰው ሳቀ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ዳኛዋ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህንን ሲልኩ ምን ማለትዎ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ክብርት ዳኛ፣ ወረፋ ቀረልኝ ማለቴ ነው» አልኳቸው። «የልጄን ምስጢር ለፀጉር ሠሪ ስጡልኝ ማለቴ አይደለም። ደግሞስ ባንኩ ይወቅ ብዬ ነው የፈረምኩት፤ ባንኩ እንዲያውቅና ሰፈሩ እንዲያውቅ አንድ ነው እንዴ?» ዳኛዋ አልሳቁም። ጻፉ።

የባንኩ ጠበቃ አልተፋታኝም። «ከሒሳቧ የጎደለ የለም። የወጣውም መረጃ ውሸት አይደለም። እውነት በመሆኑ ታዲያ ማን ተጎዳ?» አለ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ጠበቃዬ ኮቴን ቢጎትቱኝም ተነሳሁ። «እውነቱንማ እኔ ራሴ ልነግራት ነበር። ቀኑን ነው የወሰዳችሁብኝ» አልኩት። «እናቷ ሆኜ የምነግራትን እውነት ካስክ ሥር ሰማችው። አሁን በምን ልመልሰው?» አንቺ ኖረሽ ቢሆን ቆንጥጠሽ ታስቀምጪኝ ነበር።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። «ተጎዳ የሚባል ሰው ካለ፣ ስሟ በውሉ ላይ ያለው ወላጅ እናት ናት። እሷ የታለች? ለምን አልከሰሰችም? ትቅረብና ትናገር፤ ስሟንም ለችሎቱ ላንብብ» ብሎ ወረቀቱን አነሳ። እመኚኝ፣ ጉልበቴ ቋ ማለቱን እንኳ ተወ። አግዳሚውን ይዤ ቆምኩ። አፉን ሲከፍት አየሁት።

ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ። «ያስቀምጡት» አሉት። እንዲህ ነው ያሉት፣ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ያቺ ሴት የዚህ ክርክር ተካፋይ አይደለችም። ባንኩ አንድ ጊዜ ያለፈቃዷ ስሟን አውጥቷል። ፍርድ ቤት ሁለተኛ አያወጣውም።» ከመዝገቡም ስሟ እንዲሸፈን አዘዙ። ወጣቱ ጠበቃ ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠ። እኔ ተቀመጥኩና እንባዬ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቀው ወረደ። ጠበቃዬ መሐረባቸውን ሰጡኝ፤ ንጹሕ አልነበረም፣ ግን ተጠቀምኩበት።

ፍርዱ የተነበበ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የተለጠፈው ሁሉ ነዋ የመጣው። ባንኩ ኃላፊ ነው ተባለ። የሰውን ፋይል የተቀበለ አደራ ተቀባይ ነው፣ አደራውን እንዴት እንደሚይዝ ለሠራተኛው ሳያስተምርና ሳይቆጣጠር ቀርቶ ኋላ በሠራተኛው ሊሸሸግ አይችልም ተባለ። ገንዘብ አለመጉደሉ ጉዳት የለም አያሰኝም፣ እውነት መሆኑም ነጻ አያወጣም፤ የቤቱን እውነት መቼና በማን አፍ እንደሚነገር የሚወስነው ባለቤቱ ነው ተባለ። ለእኔም ለፍንጭቴም ካሳ ይክፈል፣ በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ካሳው ትንሽ ነው፣ ግድ የለም። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ላይ ቆሞ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር፤ ጥፋቱ በእሱ ብቻ ባለመጣሉ ነው መሰለኝ።

ደግሞ ይህን ለዚያች ሴት ንገሪልኝ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ስሟ ፍርዱ ላይ የለም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት። መክሰስ ከፈለገች መብቷ የራሷ ነው፣ በዝግ ችሎት ይሰማላታል ብለዋል ዳኛዋ፤ የጊዜ ገደብ ግን አለው። ካልፈለገች ደግሞ ማንም አይጎትታትም። እርግጥ ለመክሰስ ቤቷ ገብታ መናገር ሊኖርባት ነው። የደረሰባትን ለማስከፈል፣ የሸሸገችውን በራሷ አፍ ማውጣት። ይህንን ለጠበቃዬ ብላቸው «ሕግ እስከዚህ ድረስ ነው የሚሸኘው» አሉኝ።

ስንወጣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ፍንጭቴን አየኋት። ስትገባ አላየኋትም ነበር። ከስታለች። ፀጉሯን ጭራሽ አሳጥራዋለች። ሰው እየተጋፋ ሲያልፍ እኔና እሷ ቆመን ቀረን። ያን ሁሉ ወር ስጠብቀው የነበረ ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ። እሷ ጫማዋን እያየች «እማ፣ ራበኝ» አለች። እህቴ፣ ባንኩን የረታሁት ያኔ ነው። ጃንጥላውም ያኔ ነው ከእጄ የገባው።

ቤት ገብታ እንቁላል በዳቦ በላች፤ ጨረሰችና ሌላ ጠየቀች። አኳኋኗ ሁሉ እንደ ድሮው ነው ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ትስቃለች፣ ያ የጥርሷ ክፍተት ብቅ ይላል፣ ከዚያ መሐል ላይ ታቆመዋለች። ድሮ «አክስቴ ጻፈች?» ነበር የምትለኝ። አሁን «ጻፈች?» ብቻ ነው።

ከበላች በኋላ ስለዚያች ሴት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ስትሰጠኝ አለቀሰች?» አለችኝ። ምን ልበላት? ያየሁትን ነገርኳት። አላለቀሰችም አልኳት። አውቶቡስ እስክንሳፈር ድረስ ደርቃ ነበር፣ ትኬቱን እንኳ እሷ ናት የቆረጠችው። ከተቀመጥን በኋላ ሕፃኗ ከእቅፌ ስታለቅስ የቀሚሷ ደረት በወተት ራሰ፤ ሰው እንዳያይባት ኮቴን አውልቄ አለበስኳት፣ እስክንደርስ ድረስ በመስኮት እያየች ኮቱን በሁለት እጇ እንደያዘችው ነው አልኳት። ፍንጭቴ ሳህኑን አንስታ አጠበች። የታጠበውን መልሳ አጠበችው።

ሌላም ወሬ አለ። የፍንጭቴ ስልክ ቁጥርም አብሮ ስለተለጠፈ የማያውቃት ሰው ሁሉ ይደውልላታል፤ «ብድር ትወስጃለሽ?» የሚላት፣ «ድምፅሽ ያምራል» የሚላት። «ቀይሪው» ብላት «አልቀይርም» አለች። «እብድ ነሽ?» ብላት «ሁሉም ሰው አይቶት የለ? ምናልባት አይታው ይሆናል» አለችኝ። ማን እንደሆነች አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

እሑድ እሑድ ከሰዓት የሚደውል አንድ ቁጥር አለ፤ ከሩቅ ነው። አይናገርም። መጀመሪያ ትዘጋበት ነበር አሉ። አሁን ሥራዋን ትታ ቁጭ ትልና ታወራለታለች፤ ፈተናዋን፣ መርፌ መውጋት ስትለማመድ ጓደኛዋን እንዴት እንዳስጮኸቻት፣ እኔ እንዴት ሳልጠየቅ እንደማወራ። ያው ዝም ብሎ ይሰማል። ባለፈው እሑድ እኔ አጠገቧ ቁልፍ እየተከልኩ ደወለ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። በመሐል ከወዲያ ሳል ተሰማ፤ ደረቅ ሳል፣ የሚያፍን፣ በመሐረብ የታፈነ። የያዝኩት ቁልፍ ከእጄ ወድቆ ከማሽኑ ሥር ተንከባለለ። ፍንጭቴ አየችኝ። ከተዘጋ በኋላ «የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል» አልኳት። «ይሁን፤ እሑድ እሑድ ይሳሳት» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ይሄ ሳል ግን ከወር በላይ ሆነው። ደረቷን መታየት አለባት» አለች።

በይ እንግዲህ፣ ወረቀቱም አለቀ፣ ማሽኑም ይጠራኛል። ባለቤትሽን ዕድሜ ከጤና ይስጥልሽ። ወንዶቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ የሚበሉትንም ጫማ አያሳጣቸው። ቤትሽ በሰላም ይክረም፤ የከበደሽን ሁሉ የሚያቀልልሽ ጌታ አይለይሽ። ለመመለስ ካልመቸሽ አትጨነቂ፤ ደህንነትሽ በሌላም መንገድ ይደርሰናል።

ሳልሽን ግን ሳትውይ ሳታድሪ ታከሚ። የጤና ተማሪዋ ናት ያዘዘችው።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ